«አፋልጉኝ» የሚባለው ካሴት

ነገሩ የጀመረው ከኢምፔሪያል ወደ ጎሮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ ማንጎራጎር ጀመረች። ቃል የለውም፤ ከንፈሯን ገጥማ ዜማውን ብቻ ነው የምታሰማው። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ይጮሃል፣ ሾፌሩ ጡሩምባውን ያንባርቃል፣ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ታንጎራጉራለች። ስታበቃ ስልኩ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና የዘፈኑን ስም አመጣላት። «አገኘው ባክሽ» አለቻት ጓደኛዋን፣ እንደ ቀላል ነገር።

እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። አላመመኝም። ባለቤቴ በወጣትነታችን ጊዜ፣ አንድ ቀን፣ ልክ እንደዚያች ልጅ አንጎራጉሮ ድምፁ በካሴት እንደተቀዳ ትዝ ብሎኝ ነው። ያ ካሴት የት ይሆን? ከሚኒባሱ የወረድኩት ቤቴ ሳልደርስ ነው። መንገድ ዳር ቆምኩ፤ ወዴት እንደምሄድ እንኳ አላውቅም።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ድምፁ ግን ከእሱ ቀድሞ ነው የሄደው። ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ድምፁ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ በዓይንና በእጅ ስንግባባ ኖርን፤ ሰውየው ራሱ አጠገቤ ስለነበረ ድምፁ አልናፈቀኝም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ነው፣ አንድ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ፣ ስሜን እንዴት አድርጎ ይጠራኝ እንደነበር ላስታውስ ብዬ ያቃተኝ። ቃሉ አለ። ድምፁ የለም። ፎጣውን እንደያዝኩ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ድምፁ የነበረበትን የድሮ ስልኬን ታክሲ ስሳፈር ሰርቀውኛል። የእህቴ ልጅ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ባለቤቴ አለ፤ ይስቃል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ነገር ለሙሽራው ይነግረዋል። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ግን ሁሉንም ውጦታል። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ምንም የለም። አንዳንዴ በስልክ ቁጥሩ እደውላለሁ። «የደወሉላቸው ደንበኛ» ብላ የምትጀምር ሴት ትመልስልኛለች። እሷ ድምፅ አላት። እሱ የለውም።

የካሴቱ ነገር የተጀመረው ከአሰላ በመጣሁበት ክረምት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እስኪመጣ ገርጂ ታላቅ እህቴ ዘንድ እንድቆይ ተላክሁ። አባቴ አንድ አደራ ሰጥቶኝ ነበር። እናታችን ከዚያ ቀደም ብላ ነው ያረፈችው፤ በሕይወቷ ሳለች እጇ ሥራ በያዘ ቁጥር የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች። ግጥሟን ማናችንም አናውቅም። አዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ሞልቷልና ፈልጊልኝ አለኝ። የዘፈኑን ስም ጠየቅሁት፤ አያውቀውም። ዘፋኙንም አያውቀውም። አውቶቡስ ልሳፈር ስል እጄን ይዞ ከሰው ራቅ አደረገኝና በጆሮዬ አንጎራጎረልኝ። አባቴ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሲጨርስ ፊቴን ሳያይ ሻንጣዬን አንስቶ ለጫኙ አቀበለው።

እህቴ ቤት ወተት የሚመጣው ከጎሮ ነበር። ጎሮ ያኔ እርሻ ነው። ዛሬ እኔ የምኖርበት ሰፈር ጤፍ ይዘራበት ነበር፤ ወተቱን የሚያመጣልን ልጅ ወላጆችም እዚያው ገበሬዎች ናቸው፣ ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ጠዋት የታለበውን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ገርጂንና ኢምፔሪያልን ያዳርሳል። በር ሳያንኳኳ መምጣቱ ይታወቃል፣ ምክንያቱም እያንጎራጎረ ነው የሚመጣው። እህቴ «ሬዲዮው መጣ፣ ዕቃ አውጪ» ትለኝ ነበር።

እኔም ዕቃ አወጣሁ። የወተቱ ማመላለሻ በወይራ ጭስ የታጠነ ስለነበር ክዳኑ ሲከፈት የጭሱ ሽታ ከጠዋቱ ብርድ ጋር ፊቴን ይመታኝ ነበር። አሰላ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አያጣምና «አካም ቡልቴ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ከአርሲ ነሽ» አለኝ።

በምን እንዳወቀ ጠየቅሁት። የአርሲ ሰው ሰላምታውን እንደ ገመድ ይስበዋል፣ ወተቱ እስኪረጋ አይጨርሰውም ብሎ አሾፈብኝ። ተናደድኩ። በማግስቱ ግን ከእሱ ድምፅ ቀድሜ በሩ ላይ ነበርኩ።

የአባቴን አደራ የነገርኩት ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ሙዚቃ ቤት ገብቼ በማላውቀው ሰው ፊት ማንጎራጎር ሞት መስሎ ታይቶኛል። እስቲ አሰሚኝ አለ። የአጥሩን ቆርቆሮ እያየሁ አንጎራጎርኩለት። አንድ ጊዜ ብቻ ሰማት፤ ወዲያው ከእኔ አሳምሮ መለሳት። አባቴ በጆሮዬ ያስገባት ዜማ፣ እናቴ ልብስ ስታጥብ የምትላት ዜማ፣ ከማላውቀው ልጅ አፍ ስትወጣ ዓይኔን ከአጥሩ አንስቼ አየሁት።

«በቃ አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ» አለኝ። «እኔ አንጎራጉርልሻለሁ።»

ወተቱን አድርሶ ሲጨርስ ባዶው ዕቃ ብስክሌቱ ላይ እየተንቋቋ አብረን እንሄድ ነበር። ለእኔ ለእንግዳዋ ከተማዋን ያሳየኝ በሙዚቃ ቤቶቿ ነው። መጀመሪያ ሩዋንዳ ሰፈር ወሰደኝ። በሩ ላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ያቆመ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ የልጁን ማንጎራጎር እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ ወተት ነው ወይስ ዜማ የምትሸጠው ብሎ ሳቀበት። ልጁም ሁለቱንም ውኃ ሳልቀላቅል ነው የምሸጠው አለው። ተሳስቀው ተለያዩ፤ ዘፈኑ ግን አልታወቀም። ስንመለስ ከአንድ ሆቴል ጀርባ አቆመኝ። ትልልቅ ባንዶች ይጫወቱበት የነበረ አዳራሽ እዚያ ነው፤ ለወጥ ቤቱ ወተት ሲያደርስ ልምምዳቸውን በግድግዳው ያዳምጥ ነበር። «ጆሮሽን እዚህ አድርጊ» አለኝ። አደረግኩ። ግድግዳው ከዝናቡ ቀዝቅዞ ነበር። ምንም አይሰማም። እሱ ግን ከግድግዳው ወዲህ ቆሞ የሳክስፎኑን በአፍንጫው፣ የከበሮውን በወተቱ ዕቃ ላይ ያሰማኝ ጀመር፤ ዘበኛው መጥቶ እስኪያባርረን ድረስ።

ወደ ኢምፔሪያል የሄድነው ቀለበት መንገዱ ሲቆፈር ነው። ሁሉም ነገር ጭቃ ነበር። ጉድጓዱ ላይ የተጋደመች አንዲት ጣውላ ነበረች፤ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ቀድሞኝ ተሻገረና ተመልሶ እጁን ዘረጋልኝ። ያንን እጅ በኋላ ሆስፒታል አልጋ ላይ ስይዘው ያቺ ጣውላ ትመጣብኝ ነበር።

የኢምፔሪያሉ ሙዚቃ ቤት ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም። ከወለል እስከ ጣሪያ ካሴት ነው። የሞቀ ማሽንና የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነበረው። ባለቤቱ ከትግራይ የመጡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅ ሁሉ ለእሳቸው «ጓለይ» ናት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጁ ወተት ያደርስላቸው ስለነበር ያውቁታል። ዜማውን አንድ ጊዜ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። አላወቁትም። ግን አላሰናበቱንም። ከመሳቢያ አንድ ካሴት አወጡ፤ ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አፋልጉኝ» ተብሎ ተጽፎበታል።

የጠፋ ሰው በሬዲዮና በስልክ እንጨት ላይ አፋልጉኝ እንደሚባለው፣ ስሙ የጠፋ ዘፈንም በዚያ ካሴት ይፈለግ ነበር። ዘፈን ፈልጎ ስሙን የማያውቅ ደንበኛ ሲመጣ ያንጎራጉርና ይቀዳል። ካሴቱ ከሙዚቃ ቤት ወደ ሙዚቃ ቤት ይዞራል፤ ባለሱቆቹ ሥራ ሲቀዘቅዝ ያዳምጡታል፤ ያወቀ ሰው የዘፈኑን ስም ይልክላቸዋል። ደግሞ ተመልሶ ወደ ኢምፔሪያል ይመጣል።

ሰውየው ማይክራፎኑ ላይ ጨርቅ ጣል አደረጉ። የቴፑን ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫኑና በጣታቸው ምልክት ሰጡት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ ነበር። ልጁ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሞ አንጎራጎረ። ሲጨርስ ከሰውየው ጋር አንድ ነገር ተባባሉ። ምን እንደነበር አላስታውስም። እኔ አፍንጫው ላይ ያለችውን የዝናብ ጠብታ እያየሁ ነበር።

ወደ አሰላ ልመለስ ስል አንድ ጠዋት ወተቱ ያለ ድምፅ መጣ። እህቴ «ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?» አለች። በሩን ስከፍት ቆሞ ይስቃል፤ ነገሩን ለመያዝ ነው አፉን የዘጋው። «ተገኘች» አለኝ። መርካቶ አንድ ሙዚቃ ቤት ከድሮ ሸክላ ላይ አውቋት ነበር። ሰውየው በንጹህ ካሴት ቀድተው ሰጡኝ፤ እስከ አሰላ ድረስ ከደረቴ ሳላነሳ ወሰድኳት።

አባቴ ቴፑ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ሰማት። ሲያልቅ ቴፑን ራሱ አጠፋው። «ዘፈኑስ እሱ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሷ ግን እንዲህ አልነበረም የምትለው።» መረቀኝ፣ አመሰገነኝ፣ ካሴቱን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠ። ዳግመኛ ሲከፍተው አላየሁም። ከመሬት በታች ያለ ዘፈን ፈልጌ አምጥቼለት እንዴት እንዲህ ይላል ብዬ አዝኜ ነበር። የዚያን ጊዜ ወጣት ነኝ። እኔ ያመጣሁለት ዘፈን ነው፤ እሱ የፈለገው ሚስቱን ነበር።

በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ ውጤቴም ምክንያት ሆነልኝ። ከወተቱ ልጅ ጋር ተጋባን። እርሻው ቤት ሲሆን፣ ላሞቹ ሲሸጡ፣ ጎሮ ላይ በቀረችው ቁራሽ ቦታ ሠርተን ኖርን። ልጅ አልሰጠንም። ቤታችን ውስጥ የነበረው ድምፅ የእሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከሚኒባሱ ከወረድኩ በኋላ የሆንኩትን ሰው መሆን ለማንም አልመኝም። ኢምፔሪያል ላይ ሙዚቃ ቤቱ በነበረበት ቤት አሁን መነጽር ይሸጣል። ገብቼ ስለ ካሴት ስጠይቅ ሻጯ ልጅ ፍላሽ ፈልጌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሩዋንዳ ያ ትልቅ ድምፅ ማጉያ የነበረበት ቤት ጭማቂ ቤት ሆኗል። ጭማቂ ሳላዝ ቆሜ ግድግዳውን ሳይ አስተናጋጁ የሚቀመጡበት ወንበር ልሳብልዎ አለኝ። ከሆቴሉ ጀርባ ሄድኩ፤ አዳራሹ ፈርሶ መኪና ይቆምበታል። ግድግዳው የለም። የነበረበት ቦታ ላይ ቆምኩና እንደ እብድ ጆሮዬን ወደ አየሩ አዘነበልኩ።

በየቀኑ ወጣሁ። ዝናብ መታኝ፣ ጫማዬ ተበላሸ። ድምፁን አንዴ ብሰማ ጥላ ላስገባ ለቤተ ክርስቲያን ተሳልኩ። እህቴ መጥታ ቁጭ አለችና «የሞተ ሰው በካሴት አይመለስም፣ እባክሽ እህቴ» አለችኝ። እሱን እንዲመልሱልኝ አልጠየቅሁም አልኳት። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። አንድ ቃል እንኳ ሳይቀርልኝ ሃያ ምናምን ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት? አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ጫማዬን እየቀየርኩ ነበር።

በመጨረሻ የመነጽር ቤቱን ሕንፃ የሚጠብቁ ሽማግሌ የሙዚቃ ቤቱን ሰውዬ እንደሚያውቋቸው ነገሩኝ። በሕይወት አሉ። ገርጂ፣ የስልክ ዕቃ ከምትሸጥ ሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ያኔ እህቴ ትኖርበት ከነበረው ቤት ብዙ አይርቅም።

ልጃቸው በሱቋ በኩል አሳልፋ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ሰውየው አርጅተዋል፤ አንድ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አለ። አላወቁኝም። ስለ ጣውላዋ፣ ስለ ዝናቡ ነገርኳቸው። «ወተት» ስል ፊታቸው በራ።

«የወተቱ ልጅ» አሉ። «ጓለይ፣ እሱስ የት አለ?»

ነገርኳቸው። ነፍስ ይማር አሉ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅሁ። ልጃቸው ሳቀች፤ አባቷ የጣሉት ነገር እንደሌለ፣ አልጋቸው ሥር በካርቶን ተሞልቶ የሚጠረግበት ቦታ እንኳ እንደጠፋ ነገረችኝ። እሳቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ካርቶኖቹን ሲጎትቱ እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ አብሬ ጎተትኩ።

ካሴቷ ተገኘች። ቀዩ ጽሕፈት ደብዝዟል።

የቴፑ ጎማ ስለላላ ድምፆቹ ሁሉ ትንሽ ወፈር፣ ዘግየት ይሉ ነበር። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት መጡ። ቀጥሎ ሳቁን መያዝ ያቃተው ወንድ። ከዚያ ደግሞ ዜማው መሀል ላይ ጠፍቶበት «አይ፣ ቆይ፣ እሱ አይደለም» የሚል ሰው። እኔ አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው። እነማን እንደነበሩ፣ ዛሬ ይኑሩ አይኑሩ ማን ያውቃል? ድምፃቸው ግን እዚያው እንደነበረ አለ።

«እነዚህ ሳይገኝላቸው የቀሩት ናቸው» አሉ ሰውየው በሐዘን።

ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ አለና ዘፈን ጀመረ። ሳክስፎን፣ ከበሮ፣ የሴት ድምፅ። የእናቴ ዜማ ነበረች።

«ይኸውልሽ የአንቺ» አሉኝ።

አልገባኝም። «እሱስ?» አልኳቸው። «እሱ ያንጎራጎረው የት አለ?»

«የአንቺማ ተገኘ እኮ ጓለይ» አሉ፣ በኩራት። «የተገኘው ላይ ዘፈኑን እንቀዳበት ነበር። ሌላው ሙዚቃ ቤት ሲሰማው፣ ይሄ ተገኝቷል ብሎ እንዲያልፈው። እንዳለ የሚቀመጠው ያልተገኘው ብቻ ነው።»

ዘፈኑን ባናገኘው ኖሮ ድምፁ ዛሬ ይኖር ነበር። በዚያ ጠዋት በር ላይ ቆሞ አፉን ዘግቶ ሲስቅ፣ ተገኘች ሲለኝ፣ እኔም በደስታ ወተቱን ስደፋው፣ ኢምፔሪያል ላይ የእሱ ድምፅ እየጠፋ ነበር። ሰውየው ምን ያጠፉት ነገር አለ? መልካም ሥራ ነው የሠሩት። ዘፈኑ ይጫወታል፣ እሳቸው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ፣ እኔ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ይቀበራል። ያጥፉት ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

ዘፈኑ መሀል ላይ ቀጭ ብሎ ተቋረጠ።

ዝናብ መጣ። የዚያን ቀን ዝናብ፣ ቆርቆሮው ላይ። ከዝናቡ ውስጥ አንድ ወጣት፣ ትንፋሽ እንዳጠረው፣ ትንሽ እያፈረ፣ «ልድገመው?» አለ። «በቃ ልጄ፣ ጥሩ ነው» የሚል ሌላ ድምፅ መለሰለት። ከዚያ አንዲት ሴት የሌላ ሰው ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች።

ሰውየው አልሰሙትም፤ ጆሯቸው አይዝም። እኔ ስጮህ ደንግጠው ቴፑን አጠፉት። ልጃቸው ናት የነገረቻቸው። ያኔ ነው የገባቸው። ዘፈኑን ሲቀዱ ሁልጊዜ ትንሽ ቀደም ብለው እንደሚያቆሙ ነገሩኝ፤ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ድምፅ ላለመንካት። የማያውቋትን ሴት ድምፅ ሲጠብቁ ነው ያቺን የእኔን ቃል ያተረፉልኝ።

ወደ ኋላ እንዲመልሱልኝ ለመንኳቸው። «ዘፈኑን?» አሉ።

«ዘፈኑን አይደለም።»

ልጃቸው ያቺን ቁራጭ ብቻ ስልኬ ላይ ቀዳችልኝ። ጥላውን አስገብቻለሁ፤ ስለቴ ሰምሯል ልበል አልሰመረም እንጃ፣ ግን አስገብቻለሁ። ስሜን የሚጠራበት ድምፅ አልተመለሰልኝም። አሁን የምፈራው ይቺንም እንዳልጨርሳት ነው። አብዝቼ ስሰማት ቃሉ እየደረቀ፣ ከእሱ እየራቀ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስልኩን በእጄ ይዤ ሳልከፍተው እውላለሁ። ከዚያ አልችልም፣ እከፍተዋለሁ።

ዛሬ ከኢምፔሪያል ስሳፈር ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ዝናቡ መጣ፣ ከዝናቡ ውስጥ እሱ መጣ። «ልድገመው?» አለኝ።

«ድገመው» አልኩት።

ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ስልክ የምነጋገር መስሏቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ። እኔ ጠበቅሁ። እንደ ሁልጊዜው የመለሰልኝ ግን የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ ነው።

«በቃ ልጄ፣ ጥሩ ነው።»